ቁጥር ዜሮ

ሱር ከተማ፥ ባሕሩ ወደ ውስጥ በታጠፈበት ዳርቻ፥
አንዲት ጀልባ ቆማለች፥ የሌላት አምሳያ፥ አቻ፤
ስም አልወጣላትም፥ በደብተር ላይ «ቁጥር ዜሮ» ብቻ።

የነደፍናት እኛ አይደለንም፤ ከሙስካት የመጣች ልጅ፥
ዙወይና የምትባል መሐንዲስ፥ ጥቅል ወረቀት በእጅ፤
«ናፍጣ የማትቀምስ ጀልባ» አለችን፥ «የፀሐይ ወዳጅ»።

ስድሳ ጀልባ ያለ ንድፍ፥ በክንዱ ለክቶ የሠራ
ሽማግሌው ኸልፋን፥ ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ፥
«ዓሣ ናት?» አለ፥ «ወይስ አሞራ?»
ኩታን፥ የኬረላው አናጢ፥ መጋዙን እየሳለ፥
እንደ ልማዱ፥ ዝም አለ።
እኔ የምናለሽ ተራ ልጅ ነኝ፤ ጎማ ጫማ ሲሆን እያየሁ፥
በርሜል ተቀዶ ሲዘረጋ፥ በመዶሻ ድምፅ ተኝቼ ያደግሁ፤
«ሞክረው» ከሚል ቃል በቀር ካባቴ ምክር ሳልሰማ የመጣሁ።

ዘጠኝ ወር ፈጀችብን። መጀመሪያ ከካርቶን፥ ቀጥሎ ከጣውላ፤
ሞተሩን ከፊት አሰርነው፤ ፈታነው፤ ወሰድነው ወደ ኋላ።
ባትሪው ከበዳት፤ ቀነስን። ቀለለች፤ ጨመርን ሌላ።
በመሰርሰሪያዬ አርባ ሰባት ቦታ ወጋኋት፤
ሠላሳ አንዱ ስህተት ነበር፤ በሙጫ መልሼ ደፈንኋት።
አንዱን ግን ሳይደርቅ ነካሁት፤
የአውራ ጣቴ አሻራ ዛሬም እዚያው አለ፥ እንደተውሁት።
ለኤርፖርት፥ ለመታወቂያ፥ ለክሊኒክ ስንት ጊዜ አሻራ ሰጠሁ!
የት እንደሚቀመጥ እንጃ።
የዚህን ግን ቦታውን አውቃለሁ።

የሙከራው ዕለት፥ ከንጋት ሶላት በኋላ፥
ውኃው ገና ሳይነቃ፥ ገፋናት በአራት ሰው ገላ።
ድምፅ የላትም። ሞተር ሲጮህ የለመደው ኸልፋን ደነገጠ፤
«ሞተች!» አለ፤
ሞተች ባለበት አፍታ፥ ውኃው ከፊቷ ተቆረጠ።

አሥራ አንድ ደቂቃ ሄደች።
እኔ ቆጥሬያለሁ፤ ዙወይናም ቆጥራለች።
በአሥራ ሁለተኛው ወደ ግራ አዘነበለች፥
ሐሜት እንደሚያደምጥ ሰው፤
ከዚያ ቀጥ አለች።
በገመድ ጎትተን፥ አንገታችንን ደፍተን መለስናት፤
ከድልድዩ ላይ ልጆች አጨበጨቡላት፥
ወይም አጨበጨቡባት።

ሁለተኛዋ ልትሠራ ነው፤ በፋብሪካ፥ በብዙ ቁጥር፤
«አሥራ ስድስት ቀዳዳ ይበቃል» አለች ዙወይና፥ ወረቀት ስትጭር።
«ሠላሳ አንዱስ?» አልኋት። ቀና ሳትል፥ በእርሳሷ ጭራ
ወደ አሸዋው ጠቆመች፥
ወደ ዜሮዋ፥ በስተግራ።

ታናሼ ሸምሰዲን ባለፈው ጥር በአውሮፕላን ገባ፤
ውሉን አስነብቦ፥ ፓስፖርቱን ከደረቱ ሳይለይ፥ ሳይባባ።
እኔ በየመን በኩል፥ ሌሊት፥ በምታፈስ ጀልባ፥
የት የት እንደተበሳሁ በስልክ አስጠንቼው ነበር፤
«ቀላል ነው ለካ!» አለኝ ሲያቅፈኝ።
ዝም አልሁ፤ ምን ይነገር።

አሁን ፍየል ታድርባለች። የሱር ፍየል ጥላ ታውቃለች።
ቀለሟን ጨው በላው፤ አፍንጫዋ አሸዋ ውስጥ ገባ።
ኩታን ለልጁ አልጋ ከጎኗ ጣውላ ሊነቅል መጣና፥
አንኳኳ፥ አዳመጠ፥
መዶሻውን ይዞ ተመለሰ። ምን እንደሰማ አልነገረንም።
ዓርብ ዓርብ፥ ሥራ ሲዘጋ፥ ከሆዷ ገብቼ እቀመጣለሁ፤
ጎኗን በጨለማ እየዳሰስሁ፥ አውራ ጣቴን እፈልጋለሁ።

አንድ ማታ ማብሪያዋን ነካሁት፤ ሰበብ የለኝም፥ እጄ ሄደች፤
ከመሪው ሥር የረሳናት፥ ጤፍ የምታክል ቀይ መብራት
በራች።
ፍየሏ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየች፤
አገጯን በደፈንሁት ቀዳዳ ላይ አስደግፋ፥
ተመልሳ ተኛች።